ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ

ባለፈው ኅዳር የጻፍኩት ፕሮግራም ሁለት መቶ ብር ለማይገባው ሰው አስከፈለ። ብሩ የአጎቴ ነበር፤ ወቀሳው ግን የእኔ ሆነ።

አጎቴ ከጅማ በአጋሮ መንገድ ወጣ ብሎ ቡና ያደርቃል። እሸቱን ይሰበስባል፣ አልጋ ላይ ያሰጣል፣ ጀንፈል ሲሆን በጆንያ ሞልቶ ያስረክባል። የለቀማው ወራት ደረቅ መሆን ይገባው ነበር፤ የጅማ ሰማይ ግን ቀጠሮ አያከብርም። ሊደርቅ የተቃረበ ቡና ሌሊት ዝናብ ከመታው ይሻግታል፣ መልኩ ይጠቁራል፣ ሲቀመስም ይታወቃል። ስለዚህ በማድረቂያው ሁለት ዘበኞች በየተራ ያድራሉ። ዝናብ ሲመጣ ተነሥቶ አልጋዎቹን ሸራ ያለበሰው ከደመወዙ ሌላ ሁለት መቶ ብር ይታሰብለታል።

እኔ ከአዌቱ ወንዝ ብዙ ሳልርቅ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ኮድ እጽፋለሁ። ለአጎቴም ዝናብ ሲጀምር ደወል የሚደውል፣ ሰዓቱን መዝግቦ በቴሌግራም የሚልክለት ነገር ሠራሁለት። ዕቃው ጥቂት ነው፦ አንድ ራስበሪ ፓይ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር፣ የዝናብ ጠብታ የሚያውቅ ሳህን፣ የአየሩን ሙቀትና እርጥበት የሚለካ ዲኤችቲ22። ለአጎቴ ሦስት ጊዜ ያስረዳሁትን እዚህም ልድገመው፦ ይህ መለኪያ የሚነግረን የአየሩን እርጥበት እንጂ የፍሬውን አይደለም። ቡናው ከ10 እስከ 12 በመቶ እርጥበት ላይ መድረሱን የሚያሳየው የፍሬ እርጥበት መለኪያ ነው። አጎቴ ግን እስካሁን የሚያምነው ፍሬውን በጥርሱ ነክሶ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያያይዘው ኖድ ሬድ ይባላል። በፈረንጆች 2013 በአይቢኤም ይሠሩ የነበሩት ኒክ ኦሊሪና ዴቭ ኮንዌይ ጆንስ የጀመሩት፣ በዚያው ዓመት በነጻ የተለቀቀ ፕሮግራም ነው። በድር አሳሻችሁ (ብራውዘር) በወደብ (ፖርት) 1880 ላይ ስትከፍቱት ባዶ ሰሌዳ ይመጣል። ኖድ የሚባሉ ትንንሽ ሣጥኖች እየጎተታችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ በመስመር ታያይዟቸዋላችሁ። አንዱ ኖድ ዝናቡን ያውቃል፣ ቀጣዩ ይወስናል፣ የመጨረሻው ደወሉን ይመታል፤ በመስመሩ ላይ የሚያልፈው መልእክት ነው። የፈለጋችሁት ኖድ ከሌለ ራሳችሁ ጽፋችሁ መጨመር ትችላላችሁ። አጎቴ «በፈረንጅ ቀን የተጻፈ መዝገብ አላነብም» ባለኝ ጊዜ እኔም እንዲሁ አደረግሁ፤ የእኛን ቀንና ሰዓት የሚያወጣ ኖድ ጻፍኩ።

ኖድ ለመጻፍ ብዙ አያስፈልግም። ሥራውን የሚሠራ አንድ የጃቫስክሪፕት ፋይል፣ በሰሌዳው ላይ የሚታየውን መልክና ቅጽ የሚይዝ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል፣ የሁለቱን አድራሻ ለኖድ ሬድ የሚነግር አንድ የጥቅል መግለጫ፤ ይኸው ነው። ጥቅሉን ከራሳችሁ ማኅደር ላይ ኤንፒኤም በሚባለው የጃቫስክሪፕት ጥቅሎች ማከፋፈያና መጫኛ ትጭኑትና ኖድ ሬድን አጥፍታችሁ ታስነሣላችሁ። ኮዱን በነካችሁ ቁጥር ደግሞ እንደገና ማጥፋትና ማስነሣት ነው፤ ይህን አለመርሳት ከሁሉ ይከብዳል። ያልተነሣውን አሮጌ ኮድ ስመረምር ያመሸሁበትን ምሽት አልቆጥረውም።

ጃቫስክሪፕት ራሱ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። ጃቫስክሪፕትን ከአሳሽ ውጪ ከሚያስኬደው ከኖድ ጄኤስ እትም 13 ጀምሮ የሁሉም ቋንቋዎች መረጃ አብሮ ስለሚመጣ «ኅዳር» ብሎ በአማርኛ ይጽፍላችኋል። ነገር ግን እኔ የተጠቀምኩበት መንገድ የሄደ የማይመለስበት ነው፤ ከፈረንጅ ወደ እኛ ያመጣል፣ ከእኛ ወደ ፈረንጅ አይወስድም። አጎቴ ደግሞ «ከኅዳር 1 እስከ 15 ስንት ሌሊት ዘነበ?» ብሎ መጠየቅ ይፈልጋል። ቀመሩን ራሴ መጻፍ ነበረብኝ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ብዙዎቻችን በጭንቅላታችን ይዘነው የምንዞረውን ነው፦ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ግን ሴፕቴምበር 12፤ ከዚያ ወደፊት ቁጠር። የመረጥኳቸው ሙከራዎች ሁሉ አለፉ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሆነ። በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። መስከረም 1 ቀን 2017 ወደ ሴፕቴምበር 11 ተመለሰ። ደስ ብሎኝ ቡና አፈላሁ።

ቡናው እስኪፈላ ለጨዋታ ያህል የዓድዋን ቀን አስገባሁ፦ የካቲት 23 ቀን 1888። ፕሮግራሙ ማርች 2 ቀን 1896 አለ። ታሪክ የሚለው ማርች 1 ነው። የዓድዋን በዓል በየዓመቱ የምናከብረው ማርች 2 ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የተጠራጠርኩት ታሪክ ጸሐፊዎቹን ነበር፤ ትዕቢቴን ተመልከቱ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። የፈረንጆቹ አቆጣጠር በ100 ተካፍሎ በ400 የማይካፈለውን ዓመት ተጨማሪ ቀን ይነፍገዋል፤ የ1900 ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ነበረው። እኛ ግን ሳናቋርጥ በየአራት ዓመቱ ስድስተኛዋን ጳጉሜን እንሰጣለን። ስለዚህ ከ1900 በፊት በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንስ ነበር። በ2100 ደግሞ አንድ ቀን ይጨምርና እንቁጣጣሽ በተራው ዓመት ሁሉ ሴፕቴምበር 12 ላይ ትውላለች።

በ1888 ዓ.ም. አጎቴ አልጋ ላይ ዝናብ አልዘነበም፤ አውቃለሁ። ኖዱን ለራሴ ብቻ ብጽፈው ኖሮ እተወው ነበር። ነገር ግን ለሰው የሚለቀቅ ቅጥያ፣ እንደ እኔ ኖድ በሌላ ፕሮግራም ላይ የሚቀጠል ነገር፣ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። የአያቱን የመሬት ወረቀት ቀን የሚቀይር ሰው ቢያገኘውስ? ቀመሩን ጣልኩትና ቀናትን ሁሉ ከአንድ ሩቅ መነሻ በተከታታይ ወደሚቆጥረው፣ የሥነ ፈለክ ሰዎች ወደሚሠሩበት ቁጥር ሄድኩ። በዚያ ቁጥር የእኛ መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. 1,724,221 ላይ ይውላል፤ ከዚያ በኋላ መደመርና ማካፈል ብቻ ነው። ዓድዋ አሁን በሙከራዎቼ ዝርዝር የመጀመሪያው መስመር ላይ ተቀምጣለች።

ሰዓቱ ከቀኑ ይቀላል ብዬ ነበር። ስድስት ቀንስ፣ ለ12 አካፍል፣ ቀሪውን ያዝ። አንድ ቀን ንጋት ላይ ለአጎቴ «ጠዋት 0 ሰዓት ከ20 ዝናብ ጀመረ» የሚል መልእክት ደረሰው። ወዲያው ደወለልኝ፤ «ዜሮ ሰዓት የት አገር ነው ያለው?» አለኝ። ማታ የሚያልቀውና ሌሊት የሚጀምረው ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚለውን ደግሞ እናቴን ጠየቅኋት። «ሰው ሲተኛ» አለችኝ። 4 ሰዓት ላይ ወሰንኩት፤ የማይስማማ ሰው በቅጹ ላይ ይቀይረው።

ቀጥሎ የመጡት ጥፋቶች ከቀን መቁጠሪያው ጋር ሳይሆን ከሥነ ምግባር ጋር የተያያዙ ነበሩ። ቅጥያ በሰው ቤት የሚያድር እንግዳ ነው፤ የቤቱን ዕቃ አያዛውርም፣ ሲሄድ የዘረጋውን ያነሣል። የእኔ ኖድ ሁለቱንም ደንብ ይጥስ ነበር። ወደ እሱ የገባውን መልእክት ጥሎ ቀኑን ብቻ የያዘ አዲስ መልእክት ይልክ ነበር። ከእኔ በፊት ያለው ኖድ በመልእክቱ ላይ «አልጋ ቁጥር 7» ብሎ ከጻፈ ጽሑፉ እኔ ጋ ሲደርስ ይጠፋል። የመጣውን መልእክት እንዳለ ይዞ የራስን ነገር ብቻ ጨምሮ ማሳለፍ ነበር የሚገባው።

ሁለተኛው ይብሳል። ኖዱ በየደቂቃው ሰዓት እንዲልክ ቆጣሪ አድርጌለት ነበር። ሰሌዳው ላይ የተሠራውን ሥራ ላይ የሚያውለውን «ዲፕሎይ» የተባለ ቀይ ቁልፍ በተጫንኩ ቁጥር ኖድ ሬድ አሮጌውን ኖድ ዘግቶ አዲስ ያስነሣል፤ የአሮጌው ኖድ ቆጣሪ ግን አልሞተም። አንድ የነበረው መልእክት ሁለት ሆነ፣ ከዚያ አምስት። ኮምፒውተሩን ሳጠፋና ሳበራ ስለሚስተካከል ለሁለት ሳምንት ያህል የመለኪያው ችግር መስሎኝ ሽቦ ስቀይር ከረምኩ። ኖድ ሲዘጋ «ክሎዝ» የሚባል ጥሪ ይደርሰዋል፤ ቆጣሪውን እዚያ ማጥፋት ነው። ጥሪው «ጨርሻለሁ» የሚል መልስ የሚጠብቅ ሆኖ ከተጻፈ ደግሞ መልሱን አትርሱ፤ ካልሰጣችሁት ኖድ ሬድ 15 ሴኮንድ ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ይህን ሁሉ በእጅ እየነኩ መፈተን ስለሰለቸኝ ወደ መሞከሪያው ገባሁ። የኖድ ሬድ ሰዎች ለቅጥያ ጸሐፊዎች ያዘጋጁት መሣሪያ አለ፤ ሞካ ከሚባለው የሙከራ ማስኬጃ ጋር ይሠራል። ሰሌዳ ሳይከፍት ትንሽ የኖዶች ሰንሰለት ይፈጥራል፣ የእናንተን ኖድ ከአንድ ተቀባይ ኖድ ጋር ያያይዛል፣ መልእክት ይልካል፣ የወጣውን ያሳያችኋል። አንድ ወጥመድ አለበት። ተቀባዩ ውስጥ የጻፋችሁት ማረጋገጫ ሲወድቅ ስሕተቱ ኖድ ሬድ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። ሞካ የሚነግራችሁ 2 ሴኮንድ ጠብቆ መሰልቸቱን ብቻ ነው። ማረጋገጫውን በስሕተት መያዣ (ትራይ ካች) ከባችሁ ስሕተቱን በእጃችሁ ለሞካ አሳልፉለት።

በእኔ ላፕቶፕ ላይ ያለፉት ሙከራዎች በዶከር፣ ማለትም ፕሮግራምን ከማሽኑ ለይቶ በሚያስኬድ ሣጥን ውስጥ፣ ሳስኬዳቸው ከፊሎቹ ወደቁ። ላፕቶፑ የአዲስ አበባን ሰዓት ይዟል፣ ዶከሩ ደግሞ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው የዓለም መነሻ ሰዓት፣ በዩቲሲ፣ ይሄዳል። በዶከሩ ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮዱ የማሽኑን የአካባቢ ሰዓት አይጠይቅም፤ ጊዜው በመልእክቱ ላይ በሚሊሴኮንድ ይመጣለታል፣ ሦስቱን ሰዓት ራሱ ይጨምራል። ሙከራዎቹንም ሆን ብዬ በሦስት የተለያዩ የሰዓት ክልሎች አስኬዳቸዋለሁ።

እንግዲህ ሁሉም ሙከራ አልፎ፣ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ነው ያ የኅዳር ዝናብ የመጣው።

በሁለተኛው ቀን ትልቁ ዘበኛ እስከ ጅማ ድረስ መጡ። እንዲቀመጡ በርጩማ ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ያ ሣጥንሽ ዋሽቷል» አሉኝ። «ሰኞ ሌሊት ሸራውን ያለበስኩት እኔ ነኝ። ብሩን የወሰደው ያ ልጅ ነው።»

መዝገቡን ከፈትኩ። «ማክሰኞ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ከ14» ይላል። ማክሰኞ የወጣቱ ዘበኛ ተራ ነው።

«ጋሼ፣ ማክሰኞ ሌሊት ነው የሚለው።»

«ማክሰኞ ሌሊትማ እሱ ነበር። ማክሰኞ ሌሊት ግን አልዘነበም።»

ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ቀኑ ማክሰኞ እንደሚሆን አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ማን ነው የቀየረው?» አሉ። «እኔ ነቅቼ ነበር። ምንም የተቀየረ ነገር አላየሁም።»

መልስ አልነበረኝም። የፈረንጁን ሰዓት ወደ እኛ ስቀይር ቁጥሩን ቀይሬ እኩለ ሌሊቱን እንዳለ አስቀርቼው ኖሯል። የእኛ ሰዓት ከንጋት ይጀምራል፤ ለዘበኛ ደግሞ ሌሊቱ አንድ ነው፣ ከገባበት ምሽት እስከሚወጣበት ጠዋት። ነገሩን ለማድረቂያው መዝገብ ያዥ ሳነሣላት ይባስ ብላ ሦስተኛ መልስ ሰጠችኝ። «የጁምዓ ሌሊት» ስትል ሐሙስ ጀምበር ከጠለቀችበት እስከ ዓርብ ንጋት ያለውን ነው። በእሷ ቆጠራ ሌሊቱ የሚቆጠረው ለቀደመው ቀን ሳይሆን ለሚከተለው ቀን ነው። በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰውም ዋዜማን ሲቆጥር እንዲህ ያደርጋል። አንድ ዝናብ፣ አንድ ሰዓት፣ ሦስት አቆጣጠር፤ ሦስቱም ከአንድ አጥር ግቢ።

መፍትሔው አፌ ላይ ነበር፤ አያቴ ስለ ማንኛውም የሌሊት ነገር ስታወራ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» ነበር የምትለው። ይህን አባባል የሰማ ሰው የትኛው ሌሊት ነው ብሎ አይከራከርም፤ ሁለቱም ቀን ተጠርቷል። ኖዱን አሁን ሁለት መውጫ አደረግኩለት። በአንዱ ለማሽን የሚሆን፣ በቅደም ተከተል የሚደረደር ቁጥር ይወጣል፤ እዚያ ቀኑ በእኩለ ሌሊት ይቀየራል፣ ማንም አያየውም። በሌላው ለሰው የሚነበብ ጽሑፍ ይወጣል፦ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ከ14»። ቀኑ በጀምበር መጥለቂያ ወይም በንጋት እንዲዞር የሚፈልግም ከቅጹ መምረጥ ይችላል። ይህች አንዲት ቃል ብዙ አዲስ ሙከራ አስከትላለች፦ ኅዳር 30 ለታኅሣሥ 1 አጥቢያ፣ ጳጉሜን 5 ለመስከረም 1 አጥቢያ፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ ጳጉሜን 6 ለመስከረም 1። በእንቁጣጣሽ አጥቢያ የትኛው ዓመተ ምሕረት ይጻፍ? ሁለቱንም ጻፍኩ። አያምርም፤ አያጣላምም።

አጎቴ ለትልቁ ዘበኛ ሁለት መቶውን ከፈለ። ከወጣቱ ላይ ግን አልመለሰም፤ «የሣጥኑ ስሕተት ነው» አለ፣ እኔን እያየ።

ሙከራ ልጽፍለት ያልቻልኩት ጥፋት አንድ ነው። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሌሊት ተመለሰ፤ ኢንተርኔቱ ግን አልተመለሰም። እኛ ያለን ዓይነት ራስበሪ ፓይ በባትሪ የሚሄድ የራሱ ሰዓት የለውም፤ ሲነሣ ከመጥፋቱ በፊት የመዘገበውን ሰዓት ይዞ ይቀጥላል። ሌሊት 9 ሰዓት የዘነበውን ዝናብ «ማታ 3 ሰዓት» ብሎ ጻፈው። ኖዱ የተነገረውን ሰዓት በትክክል ቀይሯል፤ የተነገረው ግን ሐሰት ነበር። የክብ ባትሪ የሚገባበት ዲኤስ3231 የተባለ የሰዓት ሰሌዳ ገዝቼ ጨመርኩበት። ኖዱም ቢሆን ከመጨረሻው መዝገብ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰዓት ሲመጣለት ከሥሩ ቢጫ ክብ አብርቶ «ሰዓቱ ያጠራጥራል» ይላል። ለዚህ የመጨረሻውን ሰዓት በፋይል ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ኖድ ሬድ ካልነገራችሁት በቀር ማስታወሻውን በሜሞሪ ብቻ ስለሚይዝ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በፋይል እንዲይዝ ብታዙትም የሚጽፈው በየ30 ሴኮንዱ ነው። ይህን ያወቅሁት ሶኬቱን እየነቀልኩ ነው። ወደ ሃያ ጊዜ ነቀልኩት። ሚሞሪ ካርዱ አንድ ጊዜ ሞተ።

ስለ መልቀቁ ባጭሩ። የመጀመሪያውን እትም ወደ ኤንፒኤም ስልክ የኤችቲኤምኤል ፋይሉን ጥቅሉ ውስጥ ማካተት ረሳሁ። በእኔ ማሽን ላይ ኖዱ ከራሴ ማኅደር ስለሚነሣ ሁሉም ደህና ነበር። የተለቀቀ ቁጥር ቢሰረዝም እንኳ ዳግመኛ ጥቅም ላይ አይውልም፤ 1.0.0 እስከ ዘላለሙ የእኔ ማፈሪያ ሆኖ ቀረ፣ 1.0.1 ተከተለ። አሁን ከመልቀቄ በፊት ጥቅሉን ጠቅልዬ በባዶ ኖድ ሬድ ላይ እጭነዋለሁ። በኖድ ሬድ የቅጥያ ዝርዝር ላይ እንዲታይ ከፈለጋችሁም አድራሻውን ራሳችሁ ሄዳችሁ ማስገባት አለባችሁ፤ ከፈረንጆች 2020 ወዲህ በራሱ አይመጣም።

አሁን በእጄ ላይ ያለው የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ ነው። ትልቁ ዘበኛ «ለእኔም በቋንቋዬ ይጻፍልኝ» ብለው ነው። ኖድ ሬድ ለየቋንቋው የተለየ ማኅደር ስለሚቀበል ኮዱን መንካት አያስፈልግም፤ ቃላቱን መሙላት ብቻ ነው። በርጩማው ላይ ተቀምጠው ያጽፉኛል፤ ዊጠታ፣ ኪብጠታ እያሉ እስከ ቅዳሜ ደረስን። እሑድ ላይ ቆምን። እሳቸው «ሰንበታ» ይላሉ። መዝገብ ያዧ «ሰንበታማ ቅዳሜም ይባላል፣ ዲልበታ በይው» ትላለች። ሁለት ሳምንት ሆናቸው። ስድስቱ ቀናት አረንጓዴ ናቸው፣ የእሑዷ ሙከራ ቀይ እንደሆነች ትጠብቃቸዋለች።